የባሕሩ ሒሳብ ሲወራረድ

የባሕር ጠለል እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር ሲነገር አድማጩ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ቁጥሩን እንደ ትንቢት ተቀብሎ ይደነግጣል። ሌላው ወገን «የነገን ማን ያውቃል» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ሁለቱም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አልጠየቁም። ቁጥሩ የሚመጣው ከሒሳብ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው በታወቁ የፊዚክስ ሕጎች ነው፤ የሚመረመረውም እርስ በርስ በማይገናኙ መሣሪያዎች ነው። አብዛኛው ክፍሉ ተወራርዶ ተዘግቷል፤ አንድ ትልቅ ክፍል ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክርም ይኸው ነው፦ የተዘጋው ክፍል ሞዴሎቹን እንድናምን በቂ ምክንያት ይሰጠናል፤ ክፍት የሆነው ክፍል ደግሞ የሚያዘነብለው ወደ ከፋው ወገን ስለሆነ፣ «እርግጠኛ እስክንሆን እንጠብቅ» የሚለው ምክር ጥንቃቄ መስሎ የቀረበ ቸልተኝነት ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሒሳቡ አርዕስት እንጀምር። ባሕር ከፍ የሚለው በሦስት ዋና ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ሙቀት አማቂ ጋዞች በምድር ላይ ካስቀሩት ትርፍ ሙቀት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። እኛ የምንተነፍሰው አየር የያዘው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያት በየብስ ላይ የተከማቸ በረዶ ቀልጦ ወይም ተገምሶ ባሕር መግባቱ ነው። ሦስተኛው ከከርሰ ምድር ተስቦ ወጥቶ በመጨረሻ ባሕር የሚደርሰው ውሃ ነው፤ ግድቦች የሚያቁሩት ውሃ ደግሞ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ከ1971 እስከ 2018 ድረስ ለታየው ጭማሪ ግማሹን ያመጣው የውሃው መስፋት ነው። በየተራራው ያሉት የበረዶ ግግሮች 22 በመቶ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ ግዙፍ የበረዶ ክምችቶች 20 በመቶ፣ ከየብስ የሄደው ውሃ ደግሞ 8 በመቶ አዋጥተዋል። ድርሻው ግን እየተለወጠ ነው። ሁለቱ የበረዶ ክምችቶች በ2010ዎቹ ያጡት በረዶ በ1990ዎቹ ካጡት በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ዛሬ በረዶ በጠቅላላው ከሙቀት መስፋት ይልቅ ትልቁን ድርሻ ይዟል።

እነዚህን አርዕስት የሚለኩት መሣሪያዎች አይተዋወቁም፤ የሒሳቡ ጥንካሬም ከዚህ ይመነጫል። ከነሐሴ 1992 ጀምሮ ቶፔክስ ፖሰይደን የተባለው ሳተላይትና ተተኪዎቹ የራዳር ሞገድ ወደ ባሕሩ እየላኩ፣ ሞገዱ ተመልሶ እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ በመለካት የውሃውን ከፍታ ያሰላሉ። ባሕሩ ውስጥ ደግሞ አርጎ የሚባሉ 4,000 ያህል ተንሳፋፊ መሣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ በ1,000 ሜትር ጥልቀት እየተንሳፈፈ ይቆይና ወደ 2,000 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፤ በየ10 ቀኑም መረጃውን በሳተላይት ይልካል። ሦስተኛው ወገን በ2002 ወደ ሕዋ የወጡት ግሬስ የተባሉት መንታ ሳተላይቶችና በ2018 የተኳቸው ናቸው። እነዚህ በ220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው እየተከታተሉ ይበርራሉ። ከበታቻቸው ያለው ክብደት ሲለዋወጥ የመሬት ስበትም ስለሚለዋወጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይጠብባል ወይም ይሰፋል፤ ከዚህም ውቅያኖሱ ምን ያህል ውሃ እንደጨመረ ይታወቃል። የመጀመሪያው ጠቅላላውን ከፍታ ይሰጣል፤ ሁለተኛው በመስፋት የመጣውን፣ ሦስተኛው በውሃ ብዛት የመጣውን ይነግራል። የሁለቱ ድምር ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሞዴል የሚባለው በዚህ ላይ የሚጨመር አራተኛ ወገን ነው። ስዩኩሮ ማናቤ እና ከርክ ብራያን በ1969 በፕሪንስተን አየርንና ውቅያኖስን አጣምሮ የሚያሰላ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሞዴል ይፋ አደረጉ። ማናቤ የአየር ንብረትን በሞዴል በማስላት ላደረጉት አስተዋጽኦ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። የዛሬዎቹ ሞዴሎች ከዚያኛው እጅግ ቢረቅቁም አሠራራቸው ያው ነው። ውቅያኖሱን ከላይ እስከ ታች በሣጥን በሣጥን ይከፋፍሉታል። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ሙቀት፣ ጨውና የውሃ ፍሰት ይዘው፣ ከአጭር ጊዜ በኋላ ምን እንደሚሆን ከኒውተን የእንቅስቃሴ ሕጎች ያሰላሉ፤ ቁስም ሆነ ሙቀት ከምንም አይመጣም፣ የትም አይጠፋም የሚለውን ሕግም ይጠብቃሉ። ስሌቱ እንዲህ እየተደጋገመ መቶ ዓመት ይሞላል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ውስጥ የአንዱ ሣጥን ወርድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባሕሩ ውስጥ ሙቀት የሚያጓጉዙት ብዙዎቹ አዙሪቶች ግን ከዚያ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ አዙሪቶቹ በቀጥታ አይሰሉም፤ የሚያመጡት ውጤት በግምታዊ ቀመር ይወከላል። ሞዴሎች እርስ በርስ የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተመራማሪዎች በአንድ ሞዴል ከመተማመን ይልቅ በልዩ ልዩ ተቋማት የተሠሩ በደርዘን የሚቆጠሩ ሞዴሎችን ጎን ለጎን የሚያስኬዱትም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ግምታዊ ቀመር ያለበትን ነገር ሠሪው እንደፈለገ ማስተካከል ይችላል፤ ታዲያ ሞዴሉ ያለፈውን በትክክል አሳየ ቢባል ምን ይገርማል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሞዴሎቹ ውስጥ ከምልከታ ጋር እየተያዩ የሚስተካከሉ ቁጥሮች መኖራቸውም እውነት ነው። የሚስተካከለው ግን ሁሉም ነገር አይደለም፤ ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየውም ሞዴሎቹ ከምልከታ ጋር የተጣሉበት ጊዜ ነው። ለብዙ ዓመታት የነበረው የውቅያኖስ ሙቀት መዝገብ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባሕሩ ባልተጠበቀ መጠን ሞቆ፣ ተመልሶ እንደቀዘቀዘ ያሳይ ነበር። ሞዴሎቹ ይህን ጉብታ ሊያሳዩ አልቻሉም። የሚጠረጥሩ ሰዎችም ጉድለቱን የሞዴሎቹ አደረጉት። በመጨረሻ ጉድለቱ የተገኘው በመለኪያው ነው። የዚያ ዘመን መረጃ አብዛኛው የተሰበሰበው ኤክስቢቲ በሚባል፣ ከመርከብ ላይ በሚወረወርና በቀጭን ሽቦ ምልክት በሚልክ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ሙቀቱን ይለካል፤ የደረሰበትን ጥልቀት ግን አይለካም። ጥልቀቱ የሚገመተው ውሃው ውስጥ ከገባ ስንት ሰኮንድ እንደሆነው ተቆጥሮ ነው። የአወራረዱ ፍጥነት በትንሹ ተሳስቶ ከተገመተ፣ ከላይኛው ክፍል የተለካው ሙቀት ለጥልቁ ክፍል ይመዘገባል። ስህተቱ ታርሞ በ2008 ካትያ ዶሚንጌዝና ባልደረቦቿ አዲሱን መዝገብ ሲያወጡ ጉብታው አብዛኛው ጠፋ፤ መዝገቡም ወደ ሞዴሎቹ ቀረበ።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። በ2006 ጆን ላይማን፣ ጆሽ ዊሊስ እና ግሪጎሪ ጆንሰን የላይኛው ውቅያኖስ ከ2003 እስከ 2005 ድረስ እንደቀዘቀዘ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ። ውጤቱ ለብዙዎች የምስራች ነበር። ሒሳቡ ግን አልወራረድ አለ። ባሕሩ ቀዝቅዞ ከተኮማተረ ጠለሉ ሊወርድ ወይም ቢያንስ ጭማሪው ሊቀዘቅዝ በተገባው ነበር፤ የራዳር ሳተላይቱ ግን ባሕሩ ያለማቋረጥ ከፍ እያለ መሆኑን ይመዘግብ ነበር። ልዩነቱን በበረዶ መቅለጥ ለመሙላት ከተፈለገ ደግሞ በማንም ያልታየ መጠን ያለው በረዶ መቅለጥ ነበረበት። ዊሊስ ራሱ መረጃውን መልሶ ሲመረምር ከአርጎ መሣሪያዎች የተወሰኑት በስህተት ቀዝቃዛ ንባብ ይልኩ እንደነበር፣ የቀደመው ዘመን የኤክስቢቲ መረጃ ደግሞ ባሕሩን ከእውነቱ ይልቅ ሞቃት አድርጎ እንደሚያሳይ አገኘ። በ2007 እርማቱ ሲወጣ ቅዝቃዜው ተሰረዘ። ከሁለቱም ታሪኮች የምናገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። በፊዚክስ ሕግ የታሰረ ሞዴል የተሳሳተን መዝገብ እንዲያሳይ ቢገፋ እንኳ አይታዘዝም፤ አንዱ መሣሪያ ሲስት ደግሞ ሌሎቹ ያጋልጡታል። ሒሳቡ እየተወራረደ መጣ ስንል እንዲህ ባለ ፈተና አልፎ ነው።

ሌላው ተደጋግሞ የሚነሳ ተቃውሞ የሳምንቱን ዝናብ በትክክል መናገር ያልቻለ ሳይንስ ስለ 2100 ምን ያውቃል የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን ለየቅል ናቸው። የነገው ዝናብ የሚወሰነው ደመናው ዛሬ የት ቦታ እንዳለ ነው፤ ጥቃቅን ልዩነቶች በቀናት ውስጥ ተባዝተው ትንበያውን ያበላሹታል። የባሕር ጠለል የሚወሰነው በአሠርት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ሙቀት ገባ፣ ምን ያህል በረዶ ወጣ በሚለው ድምር ነው፤ ማዕበሉ በየትኛው ቀን ተነሳ የሚለው ድምሩን አይለውጠውም። ለዚህ ክርክር ዛሬ ከጽንሰ ሐሳብ ያለፈ ማስረጃ አለን፤ የድሮዎቹ ትንበያዎች ዕድሜ ስለሞላ ከሆነው ጋር ማስተያየት ይቻላል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ትንበያ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ወደ 8 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጭማሪ ይጠብቅ ነበር፤ የታየው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ለተሰላ ነገር ይህ ትልቅ ስኬት ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ግን ትንበያው ያነሰው ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ የሚመጣውን ውሃ አሳንሶ በማየቱ ነው። ክፍት የሆነው ሒሳብም እዚህ ነው።

ውሃ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚሰፋ በቤተ ሙከራ ይለካል። ኪሎ ሜትሮች ውፍረት ያለው በረዶ ከሥሩ ሲሸረሸር እንዴት እንደሚንሸራተትና እንደሚሰበር ግን በቤተ ሙከራ አይታይም። የምዕራብ አንታርክቲካ በረዶ አብዛኛው የተቀመጠው ከባሕር ጠለል በታች ባለ መሬት ላይ ነው፤ መሬቱም ወደ መሐል በተገባ ቁጥር ይበልጥ ይጎደጉዳል። ጆን መርሰር የተባሉት የበረዶ ተመራማሪ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ይህን ክምችት ሊያናጋው እንደሚችል ያስጠነቀቁት በ1978 ነበር። ዛሬ በአካባቢው የሚገኘው ትዌይትስ የተባለው የበረዶ ግግር ከጥልቅ በሚመጣ ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ከሥሩ እየተሸረሸረ ነው፤ እሱ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢፈርስ የዓለምን ባሕር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። የእንደዚህ ዓይነት ግግሮች ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይዘረጋል፤ ይህ ተንሳፋፊ ክፍል ቀድሞውንም ባሕሩ ላይ ስለሆነ መቅለጡ ራሱ ጠለሉን ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል። ሥራው ሌላ ነው፤ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ጎማ ሥር እንደሚደረግ ታኮ ከኋላው ያለውን ይዞ ያቆማል። ታኮው ሲነሳ ምን እንደሚሆን በ2002 ታየ። በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ላርሰን ቢ የተባለው ተንሳፋፊ በረዶ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው አካሉ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተሰባብሮ አለቀ፤ ከኋላው የነበሩት ግግሮችም ፍጥነታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። በዚያ ዘመን የነበሩት የበረዶ ሞዴሎች እንዲህ ያለውን ነገር ጨርሶ አያሰሉም ነበር።

ይህን ካወቅን የትንበያዎቹ ቁጥር ለምን እንደተለዋወጠ ይገባናል። የዚሁ ፓነል የ2007 ሪፖርት እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ18 እስከ 59 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ ሲተነብይ፣ በበረዶ ፍሰት ላይ ሊመጣ የሚችለው ፈጣን ለውጥ እንዳልተካተተ አብሮ ጽፏል። ብዙ አንባቢ ማሳሰቢያውን ዘልሎ 59ኙን እንደ ጣሪያ ያዘው። የ2013ቱ ሪፖርት የበረዶውን ፍሰት በከፊል ሲያስገባ የላይኛው ቁጥር ወደ 98 ሴንቲ ሜትር ወጣ። በ2016 ሮበርት ዲኮንቶ እና ዴቪድ ፖላርድ የበረዶ ገደሎች በራሳቸው ክብደት ይናዳሉ የሚል ስሌት ጨምረው አንታርክቲካ ብቻዋን በ2100 ከ1 ሜትር በላይ ልትጨምር እንደምትችል አሳዩ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን ቁጥር ዝቅ አደረጉት፤ በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ በትዌይትስ ላይ ይህ ዓይነቱ ተከታታይ ናዳ በዚህ ክፍለ ዘመን የመከሰት ዕድሉ ከተፈራው ያነሰ መሆኑን አመለከተ። ተጠራጣሪው ይህን ሁሉ ይዞ «አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ፤ አያውቁም» ይላል። ልብ ብሎ ላየው ግን የሚዋዥቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይኛው ነው። የታችኛው ጫፍ እየጠነከረ እንጂ እየላላ አልሄደም። በ2050 የሚጠበቀው ጭማሪ ከ1995 እስከ 2014 ከነበረው አማካይ አንጻር ከ15 እስከ 29 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የካርቦን ልቀቱ ቢበዛም ቢያንስም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ምክንያት አለው። ባሕሩ እስካሁን የዋጠው ሙቀት ወደ ጥልቁ እየወረደ ለዘመናት መስፋቱን ይቀጥላል፤ የተራራ ግግሮችም ከዛሬው ሙቀት ጋር ገና አልተመጣጠኑም። ስለዚህ ከታች ወለል አለ። ከላይ ግን ሊቀልጥ የሚችለው በረዶ እስኪያልቅ ድረስ ተመሳሳይ ጣሪያ የለም፤ ግሪንላንድ ብቻዋን 7 ሜትር የሚያህል የባሕር ጭማሪ ይዛለች። የ2021 ሪፖርትም ልቀቱ እጅግ ከበዛ በ2100 ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጭማሪ፣ ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ አይሆንም ብሎ መዝጋት እንደማይቻል ጽፏል። እርግጠኛ አለመሆን ለማመንታት ምክንያት የሚሆነው ስህተቱ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ሊሆን ሲችል ነው። እዚህ ግን ያላወቅነው ነገር ሲገለጥ ሊያተርፈን የሚችለው ጥቂት ሲሆን፣ ሊያስከፍለን የሚችለው ብዙ ነው።

«ባሕር ድሮም ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል» የሚለውም ተቃውሞ በራሱ እውነት ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ እውነት ግን የሚያጽናና አይደለም። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ሞቃት ዘመን የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን መባቻ የሚበልጠው ከ0.5 እስከ 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ባሕሩ ግን ከዛሬው ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ያለ ነበር። የዚያ ዘመን ምስክር ቅርባችን ይገኛል፤ በኤርትራ ቀይ ባሕር ዳርቻ አብዱር በተባለ ቦታ የዚያን ዕድሜ ያለው የዛጎል ድንጋይ ዛሬ በየብስ ላይ ቆሞ ይታያል፤ በውስጡም የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በዚያ አካባቢ መሬቱ ራሱ ስለሚነሳና ስለሚሰምጥ ከፍታው እንዳለ የባሕሩ ልክ ተደርጎ አይወሰድም። ጠለሉ የተሰላው መሬታቸው ከረጋ ብዙ የዓለም ዳርቻዎች ነው። ያለፈው የሚነግረን እንግዲህ ባሕሩ በትንሽ ሙቀት ብዙ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ከ1900 ወዲህ ያለው የጭማሪ ፍጥነት ደግሞ ቢያንስ ባለፉት 3,000 ዓመታት በየትኛውም ክፍለ ዘመን አልታየም፤ አብዛኞቹ የዓለም የወደብ ከተሞች የተቆረቆሩትና ያደጉት በዚያ በረጋው ዘመን ነው።

ባሕር የሌላት አገር በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለችበትም ማለትም አይቻልም። ጭማሪው በዓለም ሁሉ እኩል አይደለም። ግዙፍ በረዶ በስበቱ የባሕሩን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ሲቀልጥ ስበቱ ስለሚደክም ውሃው ከአጠገቡ ይሸሽና በሩቅ ይከማቻል። ከሁለቱም የበረዶ ክምችቶች የራቁት ሞቃት አካባቢዎች ከቅላጩ ከአማካዩ በላይ የሚደርሳቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ዕቃ የሚተላለፍባት ጅቡቲም በዚሁ ክልል ትገኛለች። ዓባይ ባሕር በሚገባበት ደለላማ ዳርቻ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይሰምጣል። ደለሉን ለሺህ ዓመታት የሠራው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደው አፈር ነው፤ የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን አፈሩ ግድቡ ኋላ ይቀራል። ምትክ አፈር ያጣው ዳርቻ ሮዜታ በተባለው የወንዙ አፍ በኩል የድንጋይ ግንብ እስኪሠራለት ድረስ በዓመት 100 ሜትር ገደማ ሲበላ ነበር። የዓለም አማካይ ቁጥር ለእንዲህ ያለ ቦታ መነሻ ብቻ ነው፤ የሰመጠው መሬት፣ የተሸረሸረው ዳርቻና የማዕበሉ ከፍታ ሲደመሩበት የሰዎቹ እውነተኛ ሒሳብ ይወጣል።

ታዲያ ያልተዘጋ ሒሳብ ይዞ እንዴት ይወሰናል? ለንደን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሰጥታለች። ከተማዋን ከቴምዝ ወንዝ ጎርፍ ለመጠበቅ በ2012 የወጣው ዕቅድ አንድ ቁጥር መርጦ በሱ ላይ ብቻ አልተመረኮዘም። ባሕሩ ይህን ያህል ከደረሰ ይህ ይሠራል፣ ከዚያ ካለፈ ያኛው ይቀጥላል እያለ ውሳኔዎቹን በከፍታ ደረጃዎች ላይ አስሯል፤ እስከ 2.7 ሜትር የሚደርስ ጭማሪንም አስቀድሞ አይቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። በየ20 ዓመቱ የሚታደስ ነገር በመካከለኛው ቁጥር ሊሠራ ይችላል። ወደብ፣ የኃይል ማመንጫና አዲስ ከተማ ግን ከተሠሩ በኋላ ስለማይነሱ መታቀድ ያለባቸው በላይኛው ቁጥር ነው።

ከሁሉም የሚሰፋው ልዩነት ደግሞ ከፊዚክሱ የመጣ አይደለም። ልቀቱ በፍጥነት ከቀነሰ የ2100 ጭማሪ ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ እጅግ ከበዛ ደግሞ ከ63 እስከ 101 ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ይጠበቃል። በ2,000 ዓመት ሲታይ ሙቀቱ በ1.5 ዲግሪ ከተገታ ባሕሩ ከ2 እስከ 3 ሜትር፣ 5 ዲግሪ ከደረሰ ከ19 እስከ 22 ሜትር ይጨምራል። ሞዴሎቹ የትኛውን እንደምንመርጥ ሊነግሩን አይችሉም፤ ምርጫው የእነሱ አይደለምና። እነሱ ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ የእያንዳንዱን መንገድ ዋጋ፣ ከነጥርጣሬው፣ አስልተው አቅርበዋል። በረዶው ላይ ያለው ጥርጣሬ እስኪጠራ ድረስ መጠበቅ ማለት መልሱን ከራሱ ከበረዶው መስማት ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዋጋው ከመከፈል በስተቀር የሚደረግ ክርክር አይኖርም።